ኮምፒውተሮቹ ያስነጠሱበት ቀን

ከመጀመሬ በፊት እንወራረድ። ኮምፒውተር ያስነጥሳል ብላችሁ አታምኑኝም። በአንድ ቀን፣ በየከተማው፣ በየቤቱ፣ ኮምፒውተሮች ሲያስነጥሱ ውለው፣ ሰዉም "ይማርህ" ሲላቸው ዋለ ብላችሁማ ጭራሽ "ይቺ ልጅ ዛሬ ምን ነካት?" ነው የምትሉት። ሳቁ፣ ግድ የለም። ውሸቴን የሚያገኝ ካለ ግን ሰምቶ ከጨረሰ በኋላ ይናገር። እስከዚያ አፍ ዝግ፣ ጆሮ ክፍት።

አንድ አለቃ የሌለው መሥሪያ ቤት ነበር። ዘበኛው ባለቤት፣ ሒሳብ ሠራተኛዋ ባለቤት፣ ፕሮግራም ጸሐፊዎቹም ባለቤት። የሠራተኞቹ የኅብረት ሥራ ማኅበር ነዋ! እንጀራቸው የኮምፒውተር ፕሮግራም መሥራትና መሥሪያ ቤቶችን ማማከር ነው። ስብሰባ ላይ የሁሉም እጅ እኩል ነው። ሽንት ቤት ማጽዳትም በተራ ነው፤ "ዛሬ የማን ተራ ነው?" ሲባል ታዲያ ሁሉም በድንገት አስቸኳይ ስልክ ይደወልለታል።

እነዚህ ሰዎች አንድ ዐመል ነበራቸው። የሠሩትን አይደብቁም። ሌላው ድርጅት ፕሮግራሙን ቆልፎ ይሸጣል። እነሱ ግን ዶሮ ወጥ ካበሉህ በኋላ "የቅመሙ ልክም ይኸውልህ፤ ጨው ካነሰው ጨምርበት፣ ለጎረቤትህም ንገረው" እንደሚሉ ሰዎች ናቸው። የሠሩትን ማንም ይወስደዋል፣ ማንም ያሻሽለዋል፣ ፈቃድ የሚጠይቅ የለም። እነሱ ኦፕን ሶርስ ይሉታል። ከታች ፎቅ ያሉት ነጋዴዎች ደግሞ ሞኝነት ይሉታል።

ሁለት ሕግ ነበራቸው። የመጀመሪያው፣ ማንም የጻፈው ነገር ሌላ ሰው ሳያነበው ወደ ሕዝብ አይወጣም። "ሁለተኛ ዓይን" ይሉታል። ሁለተኛው ሕግ ደግሞ ይኼ ነው፦ የሰጡትን ነገር ማን እንደሚጠቀምበት፣ የት ሆኖ፣ ምን እያደረገበት እንደሆነ አይሰልሉም፣ አይቆጥሩም። "ስጦታ ከሰጠኸው ሰው ኋላ ተከትለህ ቤቱ አትገባም" ብለው ሁሉም እጃቸውን አውጥተው የወሰኑት ነው።

ጥሩ ሕግ ነው፣ አይደል? እንግዲህ የአንድን ሰው ልብ ቀስ እያለ የበላው ይኸው ጥሩ ሕግ ነው።

ሰውየው አንዳርጌ ይባላል። ከማኅበሩ ፕሮግራም ጸሐፊዎች አንዱ ነው። ዝምተኛ፣ ረጅም፣ ሹራቡን ገልብጦ ለብሶ የሚውልና ማታ ቤቱ ሲገባ የሚያውቅ ዓይነት። ይኼ አንዳርጌ ለዓይነ ስውራን መጽሐፍ የሚያነብ ፕሮግራም ሠራ። ኮምፒውተርህ ላይ ትጭነዋለህ፣ ጽሑፉን ትሰጠዋለህ፣ እሱ በአማርኛ እያነበበ ያሰማሃል። ያለ ክፍያ። ለማንም።

ለምን ሠራው? አሃ! እዚህ ጋ ጠጋ በሉ።

አንዳርጌ ተማሪ እያለ ዝናሽ የምትባል ዓይነ ስውር ልጅ አብራው ትማር ነበር። በዚያ ትምህርት ቤት ለዓይነ ስውር ተማሪ የሚያነብለት ሌላ ተማሪ ይመደብለታል። ለዝናሽ የተመደበው አንዳርጌ ነው። ከክፍል በኋላ ቤተ መጻሕፍቱ በረንዳ ላይ ቁጭ ብለው ያነብላታል። ሲደክመው ደግሞ ገጽ ይዘላል።

"አንዳርጌ።"

"አቤት።"

"ሰውየው አሁን ወንዝ ዳር ቆሞ ነበር። እንዴት ብሎ ተራራ ላይ ወጣ? ክንፍ አወጣ?"

"ገጹ ተጣብቆ ነው።"

"ጣትህን በምራቅ አርጥበህ አላቅቀው። እኔ ሳላልፍበት ያለፍከው ወንዝ የለም።"

ይሥቃሉ። ፍቅር ነው አላልኩም። እናንተ ናችሁ ያሰባችሁት።

የዝናሽ አባት መንገድ ሥራ ላይ ነበሩ፤ መንገዱ በሄደበት ቤተሰቡ ይሄዳል። አንድ የክረምት ዕረፍት ላይ ሄዱ። አንዳርጌ ትምህርት ሲከፈት መጽሐፉን ይዞ በረንዳው ላይ ጠበቃት። አልመጣችም። የት እንደሄዱ የሚያውቅ ሰው አልተገኘም። ከዚያ ወዲህ ሲያድግ፣ ሲማር፣ ሥራ ሲይዝ፣ አንድ ሐሳብ ከጭንቅላቱ አልወጣ አለው፦ "አሁን ማን ያነብላት ይሆን?" የት እንዳለች ስለማያውቅ፣ ሁሉም ቦታ የሚደርስ ነገር ሠራ። ሁሉም ቦታ ከደረሰ እሷ ጋ ሳይደርስ አይቀርም ብሎ።

ሠርቶ ለቀቀው። የማኅበሩን ስልክ ቁጥርም ፕሮግራሙ ውስጥ አስገባ። ከዚያ ጠበቀ።

ዝም።

ዓመት አለፈ። ሌላ ዓመት አለፈ። አንዳርጌ ፕሮግራሙን ያድሳል፣ አነባበቡን ያለሰልሳል፣ ቃል ሲያጠብቅና ሲያላላ የሚሳሳተውን ያርማል። ማኅበሩ ስልክ ላይ የሚደውለው ግን "ፕሪንተራችን ወረቀት ጎረሰ" የሚል መሥሪያ ቤት ብቻ ነው። መቁጠር ስለተከለከለ፣ ፕሮግራሙን አንድ ሰው ይጠቀምበት፣ አንድ ሺህ ሰው፣ ወይም ማንም፣ የሚያውቅ የለም። ስልኩ በጮኸ ቁጥር አንዳርጌ ቀና ይላል። የሚፈልገው ብዙ አልነበረም። አንድ ድምፅ፣ "እየሰማሁህ ነው" የሚል። የዝናሽ ከሆነ ደግሞ... ተዉት፣ እሱን እንኳ ለራሱ አይናገረውም።

"ስልኩን እንደዚያ አትየው፤ ያፍራል እኮ" ትለዋለች ናርዶስ።

ናርዶስ የማኅበሩ ትንሿ ፕሮግራም ጸሐፊ ናት። እግዜር ሲፈጥራት ጭቃው ውስጥ ሚጥሚጣ ገብቶበታል። የሰው ኪቦርድ ላይ ፊደል ቦታ ታቀያይራለች። አንድ ቀን አሳንሰሩ በር ላይ "በድምፅ ይሠራል፤ 'ውጣ' ይበሉት" የሚል ወረቀት ለጥፋ፣ የታች ፎቅ ነጋዴዎች አሳንሰሩን ሲቆጡት አርፍደዋል። እንደዚህ ያለች ናት። እኔ በጣም ነው የምወዳት።

አንድ ቀን ሒሳብ ሠራተኛዋ እትዬ አስካለ ስብሰባ ላይ እጃቸውን አወጡ። እትዬ አስካለ ሲናገሩ አይጮኹም፤ ግን ሁሉም ሰው ቀጥ ብሎ ይቀመጣል።

"ልጆች፣ ይኼ የማንበቢያ ፕሮግራም እንጀራ አያመጣም። አያምጣ፣ ግድ የለም፤ እኛም ለእንጀራ ብቻ አልተሰበሰብንም። ግን የሰው ጉልበት ይበላል። ለመሆኑ አንድ ሰው እንኳ ይጠቀምበታል?"

ሁሉም ወደ አንዳርጌ ዞረ።

"አላውቅም" አለ አንዳርጌ።

"በእነዚህ ሁሉ ዓመታት አንድ የደወለ አለ?"

"የለም።"

"እንግዲህ በሚመጣው ሳምንት ዓርብ ድምፅ እንስጥበት። እንቀጥል ወይስ እንተወው?"

አንዳርጌ ሲከራከር አይታወቅም፤ ያን ቀን ግን ተነሣ። "አንድ ትልቅ ድርጅት ና ብሎኛል" አለ። "የራሴ ክፍል፣ የራሴ በር። እዚያ የምጽፈው ሁሉ ተቆልፎ ነው የሚቀመጠው፤ እኔም ከወጣሁ በኋላ አላየውም። እስካሁን እምቢ ያልኩት በዚህ ፕሮግራም ምክንያት ነው። እናንተ ተዉት ካላችሁ አልከራከራችሁም። እሄዳለሁ። ከዚያ ወዲያ እዚህ ቁጭ ብዬ የምጠብቀው ነገር የለኝም።"

ተቀመጠ።

አሁን ስለ አንዳርጌ ማስነጠስ ልንገራችሁ፤ እሱን ካላወቃችሁ ታሪኩ አይገባችሁም። አንዳርጌ እንደ ሰው አያስነጥስም። መጀመሪያ "እ..." ይላል፤ ይኼ ማስጠንቀቂያ ነው። ቀጥሎ "እ... እ..." ይላል፤ እዚህ ጋ ሰው ሁሉ የሻይ ብርጭቆውን ከጠረጴዛው ጠርዝ ያርቃል። ከዚያ ዝም ይላል። ያ ዝምታ ያስፈራል። ከዚያ "እንጢሽ!" መስኮቱ ይንቀጠቀጣል። ዘበኛው ጋሽ ሙሔ ከምድር ቤት ሆነው "ይማርህ!" ይላሉ። "ያኑርልኝ!" ይላል አንዳርጌ ከሦስተኛ ፎቅ።

ናርዶስ ይኼን ማስነጠስ በስልኳ ቀዳችው። ከዚያ ወደ ማንበቢያው ፕሮግራም ገባች። አንዲት ትንሽ ነገር ጨመረች፦ በሚቀጥለው ማክሰኞ፣ ለዚያ ቀን ብቻ፣ አንድ ገጽ ተነብቦ ባለቀ ቁጥር ፕሮግራሙ ያስነጥስ። ፕሮግራሙ አዲስ እድሳት ሲወጣ ራሱ እየሄደ ይወስዳል፤ ማን እንደወሰደው ማኅበሩ አያይም። ተጠቃሚ ካለ ሰምቶ ይደውላል። ከሌለ ባዶ ሜዳ ላይ ያስነጥሳል፣ በቃ።

ግን ሁለተኛ ዓይን ነበር። አንድ ሰው አንብቦ ማጽደቅ አለበት። ናርዶስ ቀልዷን ከሌሎች እርማቶች መሐል ሸጉጣ ላከችው። ማክሰኞ ሳይደርስ "ተነቧል፣ ይውጣ" የሚል መልስ መጣ። ማን ነው ያጸደቀው? አሁን አልነግራችሁም። ትንሽ ተቃጠሉ።

ማክሰኞ ጠዋት ሁሉም ሥራው ላይ ነው። ስልኩ ጮኸ። አንዳርጌ ቀና አለ። ቅርብ ስለነበረ አነሣው።

"ጠበቃ ነኝ!" አለ አንድ ሰውዬ በሹክሹክታ፤ እየተቆጣ፣ ግን በሹክሹክታ። "ፍርድ ቤት ነው ያለሁት! መዝገቤን በጆሮ ማዳመጫ እየሰማሁ፣ ገመዱ ተነቅሎ ኖሮ ችሎቱ መሐል አስነጠሰብኝ! ዳኛው 'ይማርህ' አሉኝ። እኔ አይደለሁም፣ ኮምፒውተሬ ነው ብል ምን ይሉኛል?"

አንዳርጌ ስልኩን ጆሮው ላይ ለጠፈው። "ይቅርታ... እርስዎ ፕሮግራሙን ይጠቀሙበታል?"

"ምን ማለትህ ነው? ሌላ የማነብበት ነገር አለኝ እንዴ?"

ስልኩን ከመዝጋቱ እንደገና ጮኸ። አንዲት ሴትዮ ከጎባ፦ "የእኔ ልጅ፣ የአንድ መሥሪያ ቤት ስልክ ኦፕሬተር ነኝ። ፕሮግራማችሁን ጉንፋን ይዞታል። ዝንጅብል አፍሉለት።" ከዚያ ከአርባ ምንጭ አንዲት የዓይነ ስውራን መምህርት፤ ከኋላዋ ክፍሉ ሙሉ ሕፃናት "ይማርህ!" እያሉ ይጮኻሉ። "ልጆቹን ትምህርት አስተዋችሁብኝ" አለች። "ገጹ ይለቅ፣ ገጹ ይለቅ ነው የሚሉት። በሕይወታቸው እንደዚህ ማንበብ ወደው አያውቁም።" ከዚያ ከአሶሳ፣ ከደብረ ታቦር፣ ስሙን እንኳ ከማያውቁት ትንሽ ከተማ። አንዱ ይቆጣል፣ አንዱ ይሥቃል፣ አንዱ "ዶክተር አሳዩት" ይላል።

ናርዶስ ወንበር ላይ ወጥታ ትጨፍራለች። ጋሽ ሙሔ በር ትተው ወጥተው መጡ። ሁሉም ይሥቃል። አንዳርጌ እየሣቀ ዓይኑን ይጠርጋል። "አሉ" ይላል። "ሰዎች አሉ እኮ!"

አንድ ነገር ግን ነበር። ስልኩ በጮኸ ቁጥር አንዳርጌ ይነሣል። "ሃሎ" ሲል ድምፁ ይቀጥናል። የሰውዬው ወይ የሴትዮዋ ድምፅ ሲመጣ ቀስ ብሎ ይቀመጣል። በሚቀጥለው ጥሪ ደግሞ ይነሣል። ፕሮግራሙን ሲጀምር የበረንዳውን ታሪክ ነግሯቸው ነበርና፣ ማንን እንደሚጠብቅ ሁሉም ያውቃል።

አመሻሽ ላይ፣ ዕቃቸውን ሰብስበው ሊወጡ ሲሉ ስልኩ ጮኸ። ያን ቀን ድምፁን ለሁሉም ከፍተውት ነበር፤ ሁሉም እንዲሥቅ። የሽማግሌ ድምፅ ነው።

"እንደምን ዋላችሁ፣ ልጆቼ። ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ። ዓይኔ ከጠፋ ቆይቷል። የማንበቢያው ሰዎች እናንተ ናችሁ?"

"እኛ ነን፣ አባባ" አለ አንዳርጌ።

"ዛሬ አንድ ነገር ገጠመኝ። መጽሐፉን እየሰማሁ ሳለ ሰው አስነጠሰ። እኔ ብቻዬን ነው የምኖረው። ሰው የገባ መሰለኝ። 'ማነህ?' አልኩ። 'ይማርህ' አልኩ። ዝም አለ። እንግዳ አፍሮ ነው ብዬ ተነሥቼ ወንበር ሳብኩለት። 'ተቀመጥ' አልኩት። ቆይቶ ነው ከማሽኑ እንደሆነ የገባኝ።"

ናርዶስ ቦርሳዋን መልሳ አስቀመጠች።

"ይቅርታ፣ አባባ" አለች። "እኔ ነኝ። ቀልድ ነበር።"

"ቀልዱስ ጥሩ ነው። እኔም ሥቄያለሁ" አሉ ሽማግሌው። "ወንበሩ ብቻ ነው ያስቸገረኝ። እንደተሳበ ነው። መልሼ ልገፋው እጄ እምቢ አለኝ።"

አንዳርጌ ስልኩን ጠጋ ብሎ፣ "ያስነጠስኩት እኔ ነኝ፣ አባባ" አላቸው። "ድምፁ የኔ ነው። ፕሮግራሙንም የሠራሁት እኔ ነኝ።"

"አንተ ነህ? ሰው ነህ?" አሉ ሽማግሌው። "ሁልጊዜ ማታ ማታ ታነብልኛለህ እኮ። ባለቤቴ ከሞተች ወዲህ በዚህ ቤት የሚናገር ሌላ የለም። ይማርህ፣ ልጄ።"

"ያኑርልኝ። አባባ... ለምን እስከ ዛሬ አልደወሉም?"

"ምን ብዬ? ሲበላሽ ይደወላል። ያንተ ተበላሽቶ አያውቅም። ደግሞ ለማን? ከበስተኋላው እንደኔው የሰው ድምፅ የሚጠብቅ አለ ብዬ በምን ልወቅ?"

አያችሁ? እዚያ ማዶ አንድ ሰው ወንበር ስቦ ይጠብቃል፤ እዚህ ማዶ አንድ ሰው ስልክ እያየ ይጠብቃል። መሐላቸው የነበረው ግድግዳ አይደለም። ሁለቱም "የሚሰማኝ የለም" ማለታቸው ነው።

ዓርብ ደረሰ። ማኅበሩ ተሰበሰበ። መጀመሪያ ናርዶስ ተነሥታ ጥፋቷን ተናገረች። ሳትቀልድ። ሰው የሌለበት ቤት ውስጥ ሰው ያለ አስመስሎ መግባት እንደማይገባ ተስማሙ፤ ማስነጠሱ እንዳይመለስ ወሰኑ።

"ግን ሁለተኛ ዓይን የት ሄዶ ነው?" አለ አንዱ። "ይኼን ማን አነበበው? ማን አጸደቀው?"

"እኔ" አሉ እትዬ አስካለ።

አዎ። እትዬ አስካለ! አልጠረጠራችሁም፤ አትዋሹ።

"እርስዎ ፕሮግራም ያነባሉ እንዴ?"

"ከእናንተ ጋር ይኼን ያህል ዘመን ተቀምጬ ካላነበብኩ ጥፋቱ የኔ ነው። አነበብኩት። ሥቄ ሞትኩ። ከዚያ አሰብኩ። እንተወው ብዬ ጥያቄ ያነሣሁት እኔ ነኝ፤ ግን ሳላውቅ እጄን ማውጣት ከበደኝ። ሕጋችን መቁጠር ነው የከለከለን፤ ማስነጠስ አልከለከለንም። የሽማግሌው ወንበር ግን ከናርዶስ ጋር የኔም ጥፋት ነው። ሽንት ቤቱን ሁለታችን እናጸዳለን፣ ክረምቱ እስኪወጣ።"

ከዚያ አንድ ወጣት አባል እጁን አወጣ። "አሁን ሰው እንዳለ አወቅን። እንግዲያው ሕጉን እንቀይር። እንቁጠር። ማን፣ የት፣ መቼ እንደሚጠቀም ቢመዘገብ ዳግመኛ አንሳሳትም።"

ነገሩ ሚዛን የሚደፋ ነበር። ብዙዎች በስምምነት ራሳቸውን ነቀነቁ። ናርዶስ ወደ አንዳርጌ ጆሮ ጠጋ አለችና ቀስ ብላ፣ "ከመዘገብን እኮ ስሟን ታገኘዋለህ" አለችው።

አንዳርጌ እጆቹን አያቸው። እስቲ እናንተስ በሱ ቦታ ብትሆኑ? አንድ እጅ ማውጣት ብቻ ነው። አንድ እጅ፣ ከዚያ ዝናሽ የት ከተማ እንዳለች፣ ምን እያነበበች እንዳለች፣ ሁሉም ይታወቃል። ያን ሁሉ ዘመን የጠበቀው ነገር በአንድ እጅ ርቀት ላይ ነው።

ተነሣ።

"የሽማግሌው ማታ የሽማግሌው ነው" አለ። "ምን እንዳነበቡ፣ ስንት ሰዓት እንደተኙ እኔ አያገባኝም። እሷም ብትሆን..." አንዴ ወደ ስልኩ አየ። "እሷም ብትሆን፣ ልትገኝ ከፈለገች ቁጥሩ አለላት። ካልፈለገች ደግሞ መብቷ ነው። የሰጠሁት እሷን ለመያዝ ከሆነ ስጦታ አይደለም የሠራሁት፤ ወጥመድ ነው።"

እጁን ሳያወጣ ተቀመጠ።

ሕጉ አልተቀየረም። ከዚያ "ፕሮግራሙ ይቀጥል የምትሉ" ሲባል የሁሉም እጅ ወጣ፤ የእትዬ አስካለ ደግሞ ቀድሞ። አንድ ነገር ብቻ ጨመሩ። ፕሮግራሙ ሲከፈት፣ መጀመሪያ ላይ፣ በሰው ድምፅ እንዲህ ይላል፦ "ይኼን የሠራነው ሰዎች ነን፤ እዚህ አለን። ሳይበላሽም ይደውሉልን።" አንዳርጌ ለትልቁ ድርጅት ደውሎ "አልመጣም" አላቸው። ናርዶስ ደግሞ ለሽማግሌው ደወለች። አንድ እሑድ መጥታ ወንበሩ ላይ መቀመጥ ትችል እንደሆነ ጠየቀቻቸው። "ታስነጥሻለሽ?" አሏት። "እንደሱ አልችልበትም፣ አባባ፤ እሞክራለሁ" አለቻቸው።

ከዚያ በኋላ ሰው መደወል ጀመረ። "ደኅና ነኝ፣ እናንተስ?" ብቻ ብሎ የሚዘጋ አለ። ያነበበውን የሚያወራ አለ። አንዳርጌ አሁንም በየጥሪው ይነሣል።

አንድ ከሰዓት ስልኩ ጮኸ። አነሣው። "ሃሎ" አለ። ከዚያ የሴት ድምፅ፣ ቀስ ብሎ፣ "አንዳርጌ?" አለ። ዝናሽ ነበረች።

...

ቀለድኩ።

አልደወለችም። እስከ ዛሬ አልደወለችም። አትቆጡኝ! ቆይ፣ ከመቆጣታችሁ በፊት ደረታችሁን ዳስሱት። አሁን፣ "ዝናሽ ነበረች" ስል ከፍ ብሎ፣ "ቀለድኩ" ስል የወደቀው ነገር አለ አይደል? አንዳርጌ እሱን ይዞ ነው የሚኖረው። በየጥሪው ከፍ ይላል፣ በየጥሪው ይወርዳል። ግን ድሮ ሲወርድ የሚወርደው ባዶ ቦታ ላይ ነበር። አሁን የሚወርደው ሰው ላይ ነው። የጎባዋ ሴትዮ ላይ፣ የአርባ ምንጭ ሕፃናት ላይ፣ ሽማግሌው መምህር ላይ። ለአንዲት ሰው ብሎ የከፈተው በር ስንቱን አስገባ! እሷ ከመሐላቸው ትኑር አትኑር አያውቅም። ምናልባት አሁን፣ እኔ ይኼን ስነግራችሁ፣ አንድ ከተማ በረንዳ ላይ ቁጭ ብላ እየሰማችው ይሆናል። ገጽም አይዘልባትም።

እንግዲህ ትምህርቱ፣ ሌላ ሰው ከሚነግራችሁ እኔው ልንገራችሁ፦ ዝም ስላለ ብቻ "ሰው የለም" አትበሉ። በጎ ነገር ካልተበላሸ ድምፅ የለውም፤ ለዚህ ነው መልካም የሠሩ ሰዎች ከንቱ የደከሙ የሚመስላቸው። የሰጣችሁትን ሰው ተከትላችሁ አትያዙት፤ የተቀበላችሁ ደግሞ ነገሩ እስኪሰበር አትጠብቁ። ምስጋና ለምን የስሞታን ያህል አይፈጥንም? እናንተ ጋ በየቀኑ የሚደርስ፣ ተበላሽቶ የማያውቅ፣ ስለዚህም አንድ ቀን ደውላችሁ የማታውቁለት ነገር የማን ሥራ ነው?

መልሱን ለኔ አትንገሩኝ፤ እኔ ምን አገባኝ። ለሰውየው ደውሉለትና ይኼን ታሪክ ንገሩት። "ለምን ነገርከኝ?" ሲል ሳትመልሱ ዝም በሉት፣ ትንሽ ይቃጠል። ከዚያ ንገሩት። እሱም በተራው ለአንድ ሰው ይንገር፤ ከሰው ወደ ሰው እየሄደ ማን ጋ እንደሚደርስ አይታወቅምና።